መጽሐፉ ላይ ዋጋውን የጻፈው ሰውዬ ማን ነው?

ጥያቄው፦ «ውጭ አገር በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምሠራው። መደርደሪያ ስናጸዳ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታተመ የላቲን መጽሐፍ አጋጠመን። ቀይ ቡኒ የቆዳ ሽፋኑ ላይ በወርቅ የተመታ ዓርማ አለ። የመጀመሪያው ባዶ ቅጠል ላይ ደግሞ አንድ ሰው በቀለም ዋጋ፣ ቀንና ‹ዉድሃል› የሚል ስም ጽፎበታል። አለቃዬ ‹የግሪክ ተውኔት ተርጓሚ ነው› አለችኝ። ባልደረባዬ ‹ኧረ መጽሐፍ የሚሰበስብ ሀብታም ባላባት ነው› አለ። ማንን ልመን? በአማርኛ ስለሱ አንድም ነገር አላገኘሁም።»

ሁለቱንም ይመኑ። ማይክል ዉድሃል ተርጓሚም ሰብሳቢም ነበር። እኔ እንዲያውም ሁለቱን ሥራዎች ለያይቶ ማየት አይመቸኝም። የአሮጌ መጻሕፍት ካታሎግ በማዘጋጀት ስለምተዳደር የዚህ ሰውዬ የእጅ ጽሑፍ ያለባቸው መጻሕፍት በእጄ አልፈዋል። አንድ ጠባይ አለው። ጎዶሎ ነገር አይወድም። ይህን ይያዙልኝና ወደ ታሪኩ እንግባ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

የተወለደው ኦገስት 15 ቀን 1740 ነው። ቦታው ቴንፎርድ ይባላል። በእንግሊዝ አገር ኖርታምፕተንሺር በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ባንበሪ ከምትባለው ከተማ ብዙም የማይርቅ ትንሽ መንደር ነው። ቤተሰቡ የድሮ ባለርስት ነው። ትምህርቱን በዊንቸስተር ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በኦክስፎርድ ብራስኖዝ ኮሌጅ ተማረ። በዚያ ዘመን በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት መማር ማለት ከልጅነት ጀምሮ ላቲንና ግሪክኛ ማላመጥ ማለት ነው። በኛ አገር የቆሎ ተማሪ ዳዊት ደግሞ ወደ ቅኔ ቤት እንደሚገባው፣ የእነሱም ልጅ ሰዋስው ጨርሶ ግጥም ወደ መግጠም ይገባል። በላቲን መግጠም ያልቻለ ተማሪ ተማረ አይባልም ነበር።

ርስቱን የወረሰው ገና በወጣትነቱ ነው። በ1761 የአንድ ቄስ ልጅ የሆነችውን ካትሪን ኢንግራምን አገባ። በዚያው ዓመት ገደማ ቴንፎርድ ላይ አዲስ ትልቅ ቤት ማሠራት ጀመረ። ቤቱ በ1765 አካባቢ አለቀ። ዛሬም ቆሟል። የብሪታንያ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማይክል ሄሰልታይን በ1970ዎቹ ገዝተውት በዙሪያው ዛፍ ሲተክሉ ኖረዋል። ባልና ሚስቱ ወራሽ ልጅ አልነበራቸውም። ይህ ነገር በኋላ ለመጻሕፍቱ ዕጣ ፈንታ ትልቅ ትርጉም ይኖረዋል።

ሰውዬው ሥራ አልነበረውም። በዛሬ አነጋገር ሥራ የምንለውን ማለቴ ነው። የመሬት ኪራይ ይገባለታል፤ በቃ። በ1783 የክፍለ ሀገሩ ሸሪፍ ሆኖ ተሹሟል። ይህ ሹመት ግን ለባለርስቶች በየተራ የሚደርስ የክብር ግዴታ ነው፤ ወንጀለኛ የሚያሳድድ ሸሪፍ እንዳይመስልዎ።

አንድ የሚያስገርመኝ ነገር አለ። ይኸው ባለርስት፣ ትልቁ ቤቱ ባለቀበት በ1765 ስለ ሰው ልጆች እኩልነት የሚናገር ረጅም ግጥም አሳተመ። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን፣ በ1798 ደግሞ እንደገና አሳተመው። ያኔ እንግሊዝ ውስጥ እኩልነት የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ መናገር ሰውን ያስጠረጥር ነበር። ወጣት ሳሉ አብዮተኛ ሆነው ሲያረጁ ዝም ያሉትን ብዙ ገጣሚዎች እናውቃለን። እሱ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ላይ ያንኑ ግጥም ይዞ ወጣ። ግጥሙ እንደ ግጥም ያን ያህል አይደለም። አቋሙን ግን አከብርለታለሁ። ርስቱንስ አከፋፈለ ወይ ካሉኝ፣ አላከፋፈለም።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንምጣ።

ዉድሃል መጽሐፍ የሰበሰበበት ዘመን ለሰብሳቢ የተመቸ ነበር። በ1773 ሮም የኢየሱሳውያንን ማኅበር ስታፈርስ የየኮሌጆቻቸው መጻሕፍት ወደ ገበያ ወጡ። ከ1789 በኋላ ደግሞ የፈረንሳይ አብዮት የገዳማትንና የመኳንንትን ንብረት ወረሰ። በመቶ ዓመት አንዴ ገበያ የሚወጣ መጽሐፍ በጋሪ ተጭኖ ይመጣ ጀመር። ለንደን ላይ ትልልቅ ጨረታዎች ይካሄዱ ነበር። የሐኪሙ የአንቶኒ አስኪው የግሪክኛ መጻሕፍት በ1775 ተሸጡ። የቬኒሱ የፒኔሊ ቤተ መጻሕፍት ተጭኖ መጥቶ በ1789 ለንደን ላይ ተቸበቸበ። (በነገራችን ላይ የኛም መጻሕፍት የተንቀሳቀሱት በዚሁ ዘመን ነው። ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ይዞት የተመለሰው መጽሐፈ ሄኖክ አንዱ ቅጂ ፓሪስ፣ አንዱ ኦክስፎርድ ቦድሊያን የገባው በ1770ዎቹ ነው። የኦክስፎርዱን ቅጂ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 በእንግሊዝኛ ተርጉሞ አወጣው።)

ዋጋው ገና እብደት አልነበረበትም። እብደቱ ጣራ የነካው በ1812 ነው፤ በሮክስበርው መስፍን መጻሕፍት ጨረታ። በ1471 ቬኒስ ላይ የታተመ አንድ የጣሊያናዊው ደራሲ የቦካቺዮ መጽሐፍ 2260 ፓውንድ ወጣበት። ገዢው የብላንድፎርድ ማርኪስ ነበር። ገንዘቡ ሲያልቅበት መጽሐፉ በ1819 ለጨረታ ቀረበና 918 ፓውንድ ብቻ አወጣ። ዉድሃል በ1812ቱ ጨረታ ጊዜ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ነው። የሱ ስብስብ በአብዛኛው የተገነባው ገና ሰዎቹ ሳያብዱ ነው። ወደ 4000 የሚጠጉ መጻሕፍት ነበሩት። ብዙዎቹ የጥንት ደራስያን የመጀመሪያ ሕትመቶችና ማተሚያ ገና ሕፃን በነበረበት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወጡ ናቸው። 4000 ለዘመኑ ባላባት ትልቅ ቁጥር አይደለም። ከሱ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ነበሩ። ልዩነቱ ያለው አያያዙ ላይ ነው።

እጅዎ ላይ ያለውን መጽሐፍ ይክፈቱት። ቀስ ብለው ታዲያ፤ ሽፋኑ ሩሲያ ቆዳ የሚሉት ሳይሆን አይቀርም። ይህ ቆዳ በበርች ዛፍ ዘይት የተለፋ ነው። አዲስ ሳለ ሽታው የታወቀ ነበር። ሲያረጅ ግን ጀርባው ላይ መታጠፊያው ይሰነጠቃል። ገልብጠው ጠረጴዛ ላይ እንዳያስተኙት። ከሥሩ ትራስ ያድርጉለት።

ባዶው ቅጠል ላይ ያለው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚሄደው። ስሙ አለ። የገዛበት ቀን አለ። ከየትኛው ጨረታ ወይም ከየትኛው መጽሐፍ ሻጭ እንደገዛው አለ። የከፈለው ዋጋ በፓውንድ፣ በሺሊንግና በፔንስ ተጽፏል። ለጥረዛ የከፈለ ከሆነ እሱ ለብቻው ይሰፍራል። ሦስት ቁጥሮች ተከታትለው 1፣ 11፣ 6 የሚሉ ከሆነ አንድ ፓውንድ ከአሥራ አንድ ሺሊንግ ከስድስት ፔኒ ነው። ቁጥሩ ለምን እንዲህ እንደተቆራረጠ ግር ሊልዎ ይችላል። አንድ ፓውንድ ሃያ ሺሊንግ፣ አንድ ሺሊንግ አሥራ ሁለት ፔኒ ነበር። ጨረታ የሚጫረቱት ግን በጊኒ ነበር፤ አንድ ጊኒ ሃያ አንድ ሺሊንግ ነው። ስለዚህ ያ ቁጥር አንድ ጊኒ ተኩል መሆኑ ነው።

ከዚያ በታች በአጭሩ የተጻፉ ሁለት የላቲን ቃላት ይኖራሉ። ተመሳክሯል፣ ሙሉ ነው ማለት ናቸው። የዚህ ሰውዬ ትልቁ ማኅተም ለኔ እሱ ነው። ከወርቁ ዓርማ ይበልጥብኛል።

ለምን እንደሚበልጥብኝ ልንገርዎ። በዚያ ዘመን መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት የሚወጣው ሳይጠረዝ ነው። ገዢው የታተመውን ወረቀት ወስዶ በራሱ ሰው ያስጠርዛል። የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ የገጽ ቁጥር የለውም። ያሉት የጥራዝ፣ ማለትም አብረው ታጥፈው የሚሰፉ ቅጠሎች፣ ምልክቶች ናቸው። እያንዳንዱ እጥፍ ከሥሩ ፊደል አለበት፤ አንዳንዱ ያም የለውም። ሦስት መቶ ዓመት ከእጅ ወደ እጅ የዞረ መጽሐፍ ደግሞ ቅጠል ይጎድለዋል። መጀመሪያው ይቀደዳል፣ መጨረሻው ይወልቃል፣ መሀሉን አይጥ ይበላዋል። ነጋዴው ይህን አይነግርዎትም። እንዲያውም ጎዶሎውን ከሌላ ጎዶሎ ጋር ሰፍቶ ሙሉ ነው ብሎ ሊሸጥልዎ ይችላል። ይህን ለማወቅ ያለው መንገድ አንድ ነው። ቁጭ ብሎ ጥራዝ በጥራዝ፣ ቅጠል በቅጠል መቁጠር፣ ከሌላ ቅጂ ወይም ከማውጫ ጋር ማመሳከር። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ዓይን ይፈጃል። ብዙ ባለጠጋ ሰብሳቢ ይህን ለጸሐፊው ይተወዋል፤ ወይም ጭራሽ አያስበውም። ዉድሃል ግን ይህን ልማድ አድርጎት ነበር።

በኛ ብራናዎች መጨረሻ ላይ «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ… ውጉዘ ይኩን» የሚል ማስፈራሪያ አይተው ይሆናል። የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን ነው። የመጽሐፍ ባለቤት ከሁሉ በላይ የሚፈራው ምን እንደሆነ ከዚያ ይታያል። ዉድሃል አላወገዘም፤ ደረሰኝ ጻፈ። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ደረሰኙ ወርቅ ነው። አንድ መጽሐፍ በዚህ ዓመት፣ በዚህ ጨረታ፣ በዚህ ዋጋ ተገዝቶ፣ በዚህን ያህል ተጠርዞ ነበር ብሎ ባለቤቱ ራሱ ይነግረኛል። የመጽሐፍ ዋጋን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች እንዲህ ያለ ማስረጃ ሲያገኙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ከመጻሕፍቱ መካከል ሮጀር ፔይን የደጎሳቸው አሉ። ፔይን በእንግሊዝ አገር ስማቸው ከሚጠሩ የቆዳ ደጓሾች አንዱ ነው። መጠጥ ይወድ ነበር፣ ኑሮው የተጎሳቆለ ነበር፣ በ1797 ሲሞት ደሃ ነበር። ግን የሚጽፈው የክፍያ ወረቀት ራሱ ለብቻው ዝነኛ ነው። ምን ዓይነት ቆዳ እንደተጠቀመ፣ ቅጠሉን እንዴት እንዳጠበ፣ የተቀደደውን በምን እንደጠገነ በዝርዝር ያሰፍራል። ደጓሹም ባለቤቱም ዝርዝር የማይሰለቻቸው ሰዎች መሆናቸው ደስ ይለኛል።

የአለቃዎ ነገር ደግሞ አለ፤ ትርጉሙ።

ዩሪፒደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቴና ላይ የኖረ የተውኔት ደራሲ ነው። ወደ ዘጠና ተውኔት ጽፏል ይባላል። የተረፉት አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ከነሱም አንዱ የሱ መሆኑ ያጠራጥራል። አተራረፋቸው ራሱ ለመጽሐፍ ወዳጅ የሚጥም ታሪክ ነው። አሥሩ የተረፉት ለትምህርት ቤት ተብለው ተመርጠው ስለሚገለበጡ ነው። ዘጠኙ ግን የተረፉት በዕድል ነው። በአንድ ወቅት ሁሉም ተውኔቶች በፊደል ተራ የተቀመጡበት ስብስብ ነበር። ከሱ ውስጥ አንዲት ክፍል ብቻ ከጥፋት ተረፈች። ስለዚህ ርእሳቸው በተወሰኑ ጥቂት ተከታታይ የግሪክኛ ፊደላት የሚጀምሩ ተውኔቶች በጅምላ አሉን፤ ሄሌን፣ ኤሌክትራ፣ ሄራክልስ፣ ኢዮን እያለ ይሄዳል። የነዚህ ዋናው ምንጭ ዛሬ ፍሎረንስ፣ ሎሬንሲያን ቤተ መጻሕፍት ያለ የ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእጅ ጽሑፍ ነው። የግሪክኛውን ስብስብ አታሚው አልዱስ በ1503 ቬኒስ ላይ ሲያሳትመው ኤሌክትራ አልነበረችበትም። እሷ ለብቻዋ በ1545 ሮም ላይ ታተመች። እንግዲህ የተሟላ ዩሪፒደስ እንዲኖርህ ከፈለግህ መቁጠርና ማመሳከር ግድ ነው።

እስከ ዉድሃል ዘመን ድረስ እንግሊዞች ዩሪፒደስን ሲተረጉሙ እየመረጡ ነበር። አንዱ ሜዲያ የሚባለውን ተውኔት ያነሳል፣ አንዱ ኢፊጌኒያን ያነሳል። የሚጥመውን ይወስዳል፣ የማይጥመውን ይተወዋል። ሁሉንም አንድ ላይ የሞከረ የለም። ከዚያ በ1780ዎቹ መጀመሪያ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ተነሱ። አንዱ ሮበርት ፖተር ነው። ኖርፎክ ውስጥ ስካርኒንግ በምትባል መንደር ረዳት ቄስና የትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር፤ ኑሮው ጎስቋላ ነው። በ1777 ሌላውን የግሪክ ተውኔት ደራሲ ኤስኪለስን ተርጉሞ ስም አግኝቷል። የዩሪፒደስን የመጀመሪያ ቅጽ በ1781 አወጣ። ሁለተኛው ቅጽ ግን በ1783 ነው የደረሰለት። በመሀሉ፣ በ1782 ዉድሃል አራት ቅጽ ይዞ ብቅ አለ። አሥራ ዘጠኙም ተውኔት አለ። ፍርስራሹም ሳይቀር አለ።

ፍርስራሽ ያልኩት ከጠፉት ተውኔቶች የተረፉትን መስመሮች ነው። ያኔ የግብፅ ፓፒረስ ገና ከአሸዋ አልወጣም። ያሉት ሌሎች ጸሐፊዎች በጥቅስ ያስቀሯቸው ቁርጥራጮች ናቸው፤ አንድ ቦታ ሁለት መስመር፣ ሌላ ቦታ ስምንት። ማን እነዚህን ይተረጉማል? መድረክ ላይ አይወጡም። ታሪክ የላቸውም። አንባቢም የላቸውም። ዉድሃል ተረጎማቸው። ያው ሰውዬ ነው፤ ጥራዝ እየቆጠረ ቅጠል እንዳይጎድለው የሚፈራው። መጽሐፉ ላይ «ሙሉ ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ ዩሪፒደስን ጎዶሎ አድርጎ እንዴት ያሳትማል? ለዚህ ነው ሁለቱን ሥራዎች መለያየት አልወድም ያልኩት። አለቃዎና ባልደረባዎ የተከራከሩት ስለ አንድ ልማድ ነው።

ሙሉውን ዩሪፒደስ በእንግሊዝኛ በመጀመሪያ ያቀረበው እሱ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ፖተርን የቀደመው በአንድ ዓመት ያህል ነው። ግን ልብ ይበሉ፤ ፖተር በቄስ ደመወዝ፣ እሱ በመሬት ኪራይ ነው የሮጡት። ውድድሩ እኩል አልነበረም።

ትርጉሙ ይነበባል ወይ? እውነቱን ልንገርዎ፤ ለደስታ ከሆነ አይመከርም። ንግግሮቹን ቤት በማይመታ ግጥም ነው ያዋቀራቸው፤ የሼክስፒርና የሚልተን ስልት ማለት ነው። ችግሩ ሁሉም ሰው በአንድ ድምፅ መናገሩ ነው። ሜዲያም ተቆጥታ፣ ሞግዚቷም ደንግጣ፣ መልእክተኛውም ሮጦ መጥቶ እንደ አንድ የተከበረ የፓርላማ አባል ነው የሚናገሩት። የግሪክ አማልክትም በሮማ ስማቸው ነው የሚመጡት፤ ዜውስ ጆቭ ይባላል፣ አፍሮዳይት ቬነስ ትሆናለች። ይህ የዘመኑ ወግ ስለነበር እሱን ብቻ መውቀስ አይቻልም። ዩሪፒደስ ግን በአደባባይ ሰው ቋንቋ፣ በሚያቆስል ቀጥተኛነት የታወቀ ደራሲ ነው። ያ ቀጥተኛነት እዚህ ውስጥ ጠፍቷል። ፖተርም ከዚህ ብዙ አይሻልም፤ ትንሽ ሙዚቃ ግን አለው ባይ ነኝ። የዉድሃል ብልጫ ትጋቱ ነው። አይዘልም። አስቸጋሪ መስመር ሲያጋጥመው እንደ ብዙዎቹ በጎን አያልፈውም።

ያም ሆኖ ሥራው ረጅም ዕድሜ አገኘ። በ1809 በሦስት ቅጽ እንደገና ታተመ። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1900ዎቹ መጀመሪያ፣ ኤቭሪማን የሚባለው ርካሽ ተከታታይ የዩሪፒደስን ተውኔቶች ሲያወጣ ከፖተርና ከሌሎች ጋር የሱንም ትርጉም ተጠቀመ። መጽሐፉ አንድ ሺሊንግ ነበር። ወዛደሩም ተማሪውም ገዝቶ ኪሱ ይከተዋል። ስለ እኩልነት የገጠመው ሰውዬ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር እያልኩ አስባለሁ። በዚያው ሰሞን ጊልበርት መሪ የሚባል ፕሮፌሰር አዳዲስ ትርጉሞችን አወጣ፤ መድረክም ላይ ታዩ። የዉድሃል ስም ከዚያ ወዲህ እየተረሳ ሄደ። በአማርኛ ቀርቶ በእንግሊዝኛም ብዙ ሰው አያውቀውም።

ከሕይወቱ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። በ1802 እንግሊዝና ፈረንሳይ አሚየን ላይ ሰላም ተፈራረሙ። አሥር ዓመት ያህል ተዘግቶ የነበረው መንገድ ተከፈተና እንግሊዞች ወደ ፓሪስ ጎረፉ። ዉድሃልም የፓሪስን ቤተ መጻሕፍት ሊያይ ሄደ። ከየአገሩ የተወረሰው የእጅ ጽሑፍ ሁሉ እዚያ ተከማችቶ ነበርና ለመጽሐፍ ወዳጅ የሚታለፍ አልነበረም። ሰላሙ ግን ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አልዘለቀም። በሜይ 1803 ጦርነቱ እንደገና ሲነሳ ናፖሊዮን ፈረንሳይ ውስጥ የሚገኙ እንግሊዛውያን ወንዶች እንዲያዙ አዘዘ። ቱሪስቱ፣ ነጋዴው፣ ሎርዱ ሁሉ ተያዘ። አንዳንዶቹ እስከ 1814 ድረስ አልተፈቱም። ዉድሃልም ከተያዙት አንዱ ነበር። በኋላ ግን ተለቆ አገሩ ገባ።

ሚስቱ በ1808 ሞተች። እሱ በኖቬምበር 1816 ቴንፎርድ ላይ ዐረፈ። ልጅ ስላልነበረው ርስቱም መጻሕፍቱም ለሚስቱ እህት ለሜሪ ኢንግራም አለፉ፤ ከሷ ደግሞ ሰቨርን ወደሚባል ቤተሰብ ሄዱ። መጻሕፍቱ ከባለቤታቸው ሞት በኋላ ሰባ ዓመት ያህል በዚያው ቤት ተቀመጡ። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ብዙ ስብስብ ባለቤቱ በሞተ በዓመቱ ይበተናል።

በመጨረሻ የተሸጡት በጃንዋሪ 1886 ነው፤ ለንደን፣ ሶዝቢ ጨረታ ቤት። ሽያጩ አሥር ቀን ፈጀ። 2804 የጨረታ ዕጣ (ለየብቻው የሚሸጥ ምድብ) ነበር፣ ወደ 12 ሺህ ፓውንድ ተሰበሰበ። ለምን ያኔ? ምክንያቱ ከቴንፎርድ ውጭ ነው። በ1870ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካ ርካሽ ስንዴ በመርከብ ይገባ ጀመርና የእንግሊዝ የእህል ዋጋ ወደቀ። እህል ሲወድቅ የመሬት ኪራይ ወደቀ። ባላባቱ ጥሬ ገንዘብ አጠረው። በ1882 የወጣ ሕግ ደግሞ በውርስ የታሰረ ንብረትን መሸጥ ቀላል አደረገ። የባላባቶቹ የሰንደርላንድና የሃሚልተን ትልልቅ ቤተ መጻሕፍትም ጨረታ ላይ የወጡት በነዚሁ ዓመታት ነው። ገዢዎቹ የአውሮፓና የአሜሪካ ነጋዴዎች፣ ሰብሳቢዎችና ቤተ መጻሕፍት ነበሩ። የናንተም መጽሐፍ ከቴንፎርድ የወጣው በዚያ ጨረታ ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ ለመሆን ግን መፈተሽ አለበት፤ ዉድሃል ራሱ በሕይወት ሳለ ትርፍ ቅጂዎቹን ለጨረታ አውጥቶ ስለሚያውቅ።

እንዴት ይፈተሻል? መጀመሪያ ያንን ጽሑፍ በጥሩ ብርሃን ፎቶ ያንሱት። በእርሳስ የተጻፉ ትንንሽ ቁጥሮች ካሉ አይንኩ፣ በላጲስ አያጥፉ። ብዙ ጊዜ የነጋዴ ምስጢራዊ ዋጋ ወይም የጨረታ ቁጥር ናቸው። ከዚያ የ1886ቱን የጨረታ ካታሎግ ያስፈልጉ። በታተመ ካታሎግ የተካሄደ ሽያጭ ስለሆነ ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ያስቀምጡታል፤ የመጽሐፉን ርእስ፣ የታተመበትን ከተማና ዓመት ይዘው ቁጥሩን ይፈልጉ። ዓርማውን ለማረጋገጥ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው የብሪታንያ ባለዓርማ ሽፋኖች የኢንተርኔት ማውጫ አለ። ስሙን አስገብተው ከፎቶው ጋር ያስተያዩ። ከ1501 በፊት የታተመ ከሆነ ደግሞ የእያንዳንዱን ቅጂ የባለቤትነት ታሪክ የሚመዘግብ ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት አለ፤ ቤተ መጻሕፍትዎ የሱን ቅጂ እዚያ ማስመዝገብ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ዉድሃል «ሙሉ ነው» ስላለ ብቻ ሙሉ ነው ብላችሁ ካታሎግ ላይ እንዳትጽፉ። እሱ ካየው ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ስንት እጅ ነክቶታል፤ ካርታና ባለሥዕል ቅጠል የሚቆርጡ ሌቦችም አልጠፉም። ቁጭ ብላችሁ እንደገና ቁጠሩት። ሦስታችሁም ብትቀመጡ፣ አለቃዎ ብታነብ፣ ባልደረባዎ ቢቆጥር፣ እርስዎ ቢመዘግቡ፣ ከሰዓት በኋላ ያልቃል።